ሳይጫወቱ የመገምገም ጥበብ

እንኳን ደስ አለዎት። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አፍቃሪዎች ከሥራ መልስ እየጻፉ የሚያወጧቸውን ጀብዱዎች ለመገምገም ቆርጠው ተነስተዋል። ሙያው ደመወዝ የለውም። የሚገመገመውም ሰው ደመወዝ የለውም። ስለዚህ እርስዎንና ደራሲውን የሚያጣላችሁ ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። ይኖራል ግን፤ እሱን በወግ በወጉ ለማሳደግ እንዲረዳዎ ነው ይህን ምክር የምጽፍልዎ።

ቤተሰብ ማታ ማታ ምን እያደረጉ እንደሚያመሹ መጠየቁ ስለማይቀር መልሱን በአጭሩ ይያዙት። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጨዋታ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው ቲ ኤስ አር ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል አነስተኛ ከተማ የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ መጀመሪያ ያሳተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙ፣ ጭራቁ፣ የመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ሁሉ እሱ ነው። የቀሩት አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፦ ጦረኛ፣ ጠንቋይ፣ ሌባ። «በሩን በርግጫ እለዋለሁ» ይላል አንዱ። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረወራል፤ በሩ ይከፈታል፣ ወይም እግሩ ይታመማል። ጀብዱ የምንለው መሪው ብቻ ከፊቱ ዘርግቶ የሚጠቀምበት ጽሑፍ ነው። ካርታ አለው፤ ቁጥር የተሰጣቸው ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ ማን እንዳለና ምን እንደተደበቀ ይናገራል። ተጫዋቾቹ አያዩትም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ ይበሏትና ወዲያው ይርሷት፤ እርሷን እያስታወሱ ገምጋሚ መሆን አይቻልም።

ወደ ሙያው እንግባ። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ጀብዱውን አለመጫወት ነው። ሠላሳ ገጽ ጽሑፍ ቡና እየጠጡ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ለመጫወት ግን አራት ጎልማሶች በአንድ ምሽት መስማማት አለባቸው፤ አንዱ የማታ ፈረቃ አለው፣ የአንዷ ልጅ አተኩሶታል፣ ሦስተኛው «ደርሻለሁ፣ እየገባሁ ነው» እያለ ገና ከቤቱ አልወጣም። ተሰብስበውም በአንድ ምሽት አይጨርሱትም። እርስዎ ሦስተኛው ምሽት ላይ ሲደርሱ ሌላው ገምጋሚ አሥር ጀብዱ አንብቦ፣ በአሥሩም ላይ ፈርዶ፣ ስም አትርፏል።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሰጋው ግን ሐሳብ ማስቀየሩ ነው። ሲያነቡት ግሩም ያሉት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ቁጭ ይላል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው» ብለው ያለፉት ባለ ሁለት መስመር ክፍል ሰው ሲያስቅና ሲያከራክር ያመሻል። እንዲህ ያለ ነገር በራስ መተማመንን ይሸረሽራል፤ በራሱ የማይተማመን ገምጋሚ ደግሞ ማን ያነበዋል?

አንድ የታወቀ ምሳሌ ልስጥዎ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማይክ ካር ለቲ ኤስ አር የጻፈው «ያልታወቀውን ፍለጋ» የሚል ጀብዱ አለ። ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ እየተካተተ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ሰው ጨዋታውን የጀመረው በእሱ ነው። በክፍሎቹ ውስጥ የሚኖረው ጭራቅና የሚገኘው ሀብት ሆን ተብሎ ክፍት ተትቷል። ዝርዝሩ ከኋላ አለ፤ አዲሱ መሪ እየመረጠ በእርሳስ ይሞላል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «እዚህ ሸረሪት ላድርግ፣ የለም፣ ሸረሪቷ ከውሃው አጠገብ ትሻላለች» እያለ ሲያስብ መሪነትን ይማራል። ሳይጫወቱ ለሚገመግም ግን ፍርዱ አጭርና ንጹሕ ነው፦ ደራሲው ሥራውን ሳይጨርስ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ከአምስት ኮከብ ሁለት።

ቀጥሎ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበበውን ጽሑፍ ይመልከቱ። በየክፍሉ መጀመሪያ በሳጥን ተከብቦ የሚቀመጥ፣ መሪው ድምፁን አሳምሮ ለተጫዋቾቹ የሚያነበው አንቀጽ ነው። እዚህ ላይ ለጋስ ይሁኑ፤ ምስጋናዎ ከአንቀጹ ርዝመት ጋር አብሮ ይርዘም። እንዲህ ያለ ገጠመዎት እንበል፦

«ከባዱ በር እያቃሰተ ሲከፈት የሺህ ዓመት ጨለማ ይቀበላችኋል። በግራና በቀኝ ከእብነ በረድ የተቀረጹ አሥራ ሁለት ነገሥታት ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ዘመን ያላጠበው ሐዘን ይነበባል። አየሩ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ጣሪያው ላይ የከዋክብት ሥዕል አለ፤ ወርቁ ግን ተልጧል። ልባችሁ በፍርሃት ይመታል። የጥንት ሰዎች ጸሎት በጆሯችሁ የሚያስተጋባ ይመስላችኋል። በክፍሉ መሃል አንድ ዘንዶ አለ።»

ግምገማዎ ላይ «ድባብ» የሚለውን ቃል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጻፉ። ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን አለማየትዎ መልካም ነው። ከዋክብቱ ጋ ሲደረስ አንዱ ተጫዋች ስልኩን አውጥቷል፤ አንዷ ዳይሶቿን እየደረደረች ግንብ ትሠራለች። መሪው ትንፋሹ እያጠረው አንቀጹን ይጨርሳል። ዝም ይባላል። ከዚያ አንዱ፣ «ይቅርታ፣ ዘንዶ አልክ?» ይላል። ዘንዶው ተኝቶ ይሁን ተነስቶ አልተጻፈም። ሌላው ደግሞ «ልባችሁ በፍርሃት ይመታል» የሚለውን ይዞ፣ «የእኔ ጦረኛ አይፈራም፤ ማን ነህ አንተ ፍራ የምትለኝ?» እያለ ሩብ ሰዓት ይከራከራል። እውነቱንም ነው፤ ተጫዋቹ በዚያ ዓለም ውስጥ የራሴ የሚለው ነገር ቢኖር የገጸ ባሕርይው ልብ ብቻ ነው፤ ደራሲው እሱንም ወሰደበት።

ይህንኑ ክፍል ሌላ ደራሲ፣ «ዘንዶ፣ ተኝቷል፣ አንድ ዓይኑ በከፊል ክፍት። አሥራ ሁለት የነገሥታት ሐውልት። የዕጣን ሽታ፤ ትኩስ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የታጠነ። አሥረኛው ሐውልት ወደ ኋላ ይገፋል» ብሎ ጽፎት ሊያገኙ ይችላሉ። መሪው በአንድ እይታ ይይዘዋል፤ ቀና ብሎ ሰዎቹን እያየ በራሱ አፍ ይነግራቸዋል። «ማን ነው ዛሬ ጠዋት ያጠነው?» የሚል ጥያቄም ወዲያው ይነሳል። እርስዎ ግን አይታለሉ። «ደራሲው የቋንቋ ድርቀት ይታይበታል» ብለው ይለፉት።

ስለ ታሪኩ መግቢያ ብዙ አልልም። ሟቹ ንጉሥ ወንድሙን ለምን እንደገደለ፣ የወንድሙ ሚስት ምን ብላ እንደረገመችው የሚተርኩ አምስት ገጾች ካሉ «ጥልቀት» ይበሉ። ዋሻው ውስጥ ይህን ሊናገር የሚችል በሕይወት ያለ ፍጡር እንደሌለ፣ ንጉሡም አጽም ብቻ እንደሆነ፣ አጽሙም ሰው ሲያይ የሚያውቀው ሰይፍ መምዘዝ ብቻ እንደሆነ አይጥቀሱ። የአንባቢዎን ደስታ ማበላሸት ነው።

ካርታ ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። ጥሩ ካርታ ማለት ክፍል 1፣ ከዚያ ክፍል 2፣ ከዚያ ክፍል 3 ነው፤ የሚያነብ ሰው አይደናገርም። በዚህ ረገድ ብዙ ገምጋሚ ያሳሳተችው ጄኔል ጃኬይስ ናት። በ1979 ጀጅስ ጊልድ ያሳተመላትን «የትሬሺያ ዋሻዎች» የሚለውን ጀብዱ ቢከፍቱ መግቢያው አንድ አይደለም። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው የሚያወርደው መንገድ ብዙ ነው፤ መሃል ያለውን ፎቅ ዘሎ ታች የሚጥልም አለ። መተላለፊያው ዞሮ ዞሮ የመጣበት ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ተጫዋቾች ከጠላታቸው ጀርባ ዞረው ይመጣሉ፣ ሲያሸንፏቸው በሌላ በር ያመልጣሉ፣ ሁለት ቡድን ያንኑ ዋሻ ተጫውቶ የሚያወራው ታሪክ አይገናኝም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ይህ ሁሉ ጣጣ ነው። ስለዚህ አንድ አፍቃሪ በዚህች ሴት ፈለግ ካርታ ስሎ ከመጣ፣ «መዋቅሩ ልል ነው» የሚለው ፍርድ ይበቃዋል።

አንድ መንገድ ብቻ ያለው ጀብዱ ደግሞ አንድ በር ቢኖረው፣ በሩም ምሥጢራዊ ቢሆን የበለጠ ይመሰገናል። ደራሲው የታሪኩን ማብቂያ፣ ታፍና የተወሰደችውን ልጅና ሀብቱን ሁሉ ከበሩ ጀርባ ያስቀምጣል። በሩን ለማግኘት በባለ ሃያ ገጹ ዳይስ 15 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። እርስዎ «ውጥረት» ብለው ይጻፉ። ስሌቱን ለራስዎ እንኳ አይሥሩት፦ ጭማሪ የሌለው አንድ ሰው የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 30 ነው። አራቱም ተራ በተራ ቢወረውሩ እንኳ ከአራት ጠረጴዛ በአንዱ ያህል ማንም አያገኘውም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከምሽቱ አራት ተኩል አካባቢ መሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እ... ከግድግዳው በኩል ትንሽ ንፋስ ነገር አይሰማችሁም?» ይላል። ሁሉም ይሰማቸዋል። ደራሲው ያልጻፈውን ንፋስ መሪው ከኪሱ አወጣ ማለት ነው፤ ወደዚህ ደግሞ እመለሳለሁ።

የጥንት ሥራ መጥራት ለገምጋሚ ግርማ ይሰጣል። ከሁሉ የሚሻለው «የአስፈሪው መቃብር» ነው። ጋይጋክስ በ1975 ባልቲሞር በተካሄደው የመጀመሪያው ኦሪጅንስ የጨዋታ ጉባኤ ላይ ለውድድር አቀረበው፤ በ1978 ታተመ። እዚያ ውስጥ አንድ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ፤ አፉ እንደተከፈተ ነው፤ ገብቶ ሊያይ የሞከረ ገጸ ባሕርይ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ፊት ያልቀዳ አፍቃሪ ጥቂት ነው። አንዱ ቀለሙን ቀይ ያደርገዋል፣ አንዱ ፊቱን የአንበሳ ያደርገዋል፣ ገዳይነቱ አይቀየርም። እርስዎ «ለጥንቱ ወግ ታማኝ» ይበሉት። ያኛው ለውድድር መቅረቡን፣ ሰዉ የገባው ለዕለቱ በተሰጡት ገጸ ባሕርያት መሆኑን፣ ቢሞቱ ማንም እንደማያለቅስላቸው መናገር አያስፈልግም። አሁን ግን አንዲት ተጫዋች ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደገቻትን፣ ስም ያወጣችላትን፣ እናትና እዳ የሰጠቻትን ጠንቋይ ይዛ መጥታ «እስቲ ውስጡን ልይ» ባለች ቅጽበት ታጣታለች። ማስጠንቀቂያ የለም፤ በአጠገቡ የወደቀ ግማሽ በትር እንኳ የለም። ግማሽ በትር ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር፤ ሰው አንሥቶ ያየዋል፣ ለምን እኩል ላይ እንደተቆረጠ ይጠይቃል። እርስዎ ግን ግማሽ በትር የሚገመግሙ ሰው አይደሉም።

አሁን ስለ ፍርድ አነጋገር። አንዳንድ ሐረጎች ለዚህ ሙያ የተባረኩ ናቸው። «አቅም አለው» ማለት አልጨረስኩትም ማለት ነው። «ለጀማሪዎች ይመከራል» ማለት ጎብሊን የሚባለው ደካማ ጭራቅ አለበት ማለት ነው። የሐረጎቹ ሁሉ ንጉሥ ግን «በጥሩ መሪ እጅ ግሩም ይሆናል» የሚለው ነው። ውበቱን ያስተውሉ፦ ጀብዱው ካማረ እርስዎ ብለዋል፤ ካላማረ መሪው ጥሩ አልነበረም። ጥሩ መሪ እኮ ያንን ንፋስ ከኪሱ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ባዶ ወረቀት ቢሰጡትም ምሽቱን አያበላሸውም። ታዲያ ጽሑፉ ለምን አስፈለገ የሚል ሞገደኛ ከመጣብዎ፣ «የጣዕም ጉዳይ ነው» ብለው ይለፉት።

ኮከብ ሲሰጡ ግን ጠንቃቃ ይሁኑ፤ ዛሬ የሚረግጡት ሰው ነገ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። ትሬሲ እና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት «ራሃሲያ» እና «ፈርዖን» የሚሉ ጀብዱዎችን በራሳቸው ድርጅት አሳትመው ይሸጡ ነበር። ትሬሲ ለቲ ኤስ አር ሊሸጣቸው የሄደው ለልጆቹ ጫማ መግዣ አጥቶ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ድርጅቱ ጀብዱዎቹን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ወሰደው። በ1983 ከባልና ሚስቱ እጅ የወጣው «ሬቨንሎፍት» ነው፤ ደም የሚመጠው ባላባት ስትራድ እስከ ዛሬ በአዳዲስ እትም እየተነሳ ሰው ያስፈራራል። ከ1986 እስከ 2007 ድረስ በወረቀት 150 እትም ያወጣው «ዳንጀን» መጽሔትም በአብዛኛው የቆመው አንባቢዎቹ በሚልኩለት ጀብዱ ነበር። ጨዋታውን የገዛው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2000 ሌሎች ሰዎች በሕጎቹ ላይ ተመሥርተው እንዲጽፉና እንዲሸጡ ፈቃድ አወጣ። በ2023 መጀመሪያ ፈቃዱን ሊያጠብቅ ሲል አፍቃሪው በአንድ ድምፅ ጮኸበትና በዚያው በጃንዋሪ ወር መሠረታዊ ሕጎቹን ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ። በ2016 በተከፈተው ዲ ኤምስ ጊልድ በተባለው መደብር ደግሞ ደራሲው ከሽያጩ ግማሹን ያገኛል፤ ግማሹ ለመደብሩና ለጨዋታው ባለቤት ነው። የማንንም ኪስ የሚሞላ ነገር አይደለም። እንግዲህ የሚያስጨንቅዎ ይህ ሁሉ የሚጽፍ ሕዝብ ነው፤ ከመሃሉ የነገው ሂክማን የትኛው እንደሆነ ስለማያውቁ ለሁሉም አራት ኮከብ ይስጡ። አምስት ከሰጡ ሌሎች ለምን ብለው ይጠይቁዎታል፤ ሦስት ከሰጡ ደራሲው ይጠይቅዎታል።

ይህን ሁሉ ጠብቀው እያሉ፣ ባልታሰበ አጋጣሚ፣ የዘመድ ልጅ ጎትቶዎ ወይም ዝናብ አግቶዎ፣ አንዱን የገመገሙትን ጀብዱ በመሪነት የሚያጫውቱበት ምሽት ሊመጣ ይችላል። ይዘጋጁ። ክፍል 3 ላይ አንድ ጎብሊን በር ይጠብቃል። ጽሑፉ ስለ እሱ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጎብሊኑ እስከ ሞት ድረስ ይዋጋል።» ሲያነቡት ምንም አልጎደለውም ነበር። አሁን ግን ከተጫዋቾቹ አንዷ ሰይፏን ሳትመዝ፣ «ስንት ይከፍሉሃል?» ትለዋለች።

ሁሉም ወደ እርስዎ ዞሯል። ስንት ይከፍሉታል? ማን ነው የሚከፍለው? ስሙስ ማን ነው? ገጹን ያገላብጣሉ፤ የሟቹ ንጉሥ የወንድሙ ሚስት እርግማን አለ፤ የጎብሊኑ ደመወዝ የለም። በ1974ቱ ሕግ እንኳ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተወርውሮ ጭራቁ እንግዳውን በምን ዓይን እንዳየው የሚወሰንበት ሰንጠረዥ ነበር፤ ሁሉም ፍጡር ሰው ባየ ቁጥር አይጋደልም ተብሎ ነበር የተጀመረው። ደራሲው «ምሳ አልበላም፤ አለቃውን ይጠላል» የሚሉ ቃላት ብቻ ቢጨምር ኖሮ እርስዎ አሁን ባላላበዎት ነበር። በዚያች ቅጽበት በቃ ስለ ጀብዱው አንድ እውነተኛ ነገር አወቁ፣ ያውም ሳይፈልጉ።

ከዚያ በኋላ እጅዎ ብዕር መፈለጉ አይቀርም። ክፍል 3፦ ጎብሊኑ ምን ይፈልጋል? ክፍል 5፦ የቁልፉ ቦታ ገጽ 19 ላይ ነው የተጻፈው፣ እዚህ መሆን ነበረበት። ክፍል 8፦ አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ግን «አሰልቺ» ብዬው ነበር። ክፍል 11፦ ማንም አልገባበትም፣ ደራሲው ሦስት ገጽ ጽፎለታል። ይህን ማስታወሻ በግምገማ መልክ እንዳያወጡት አደራ እላለሁ። ድባብ የሚል ቃል የለበትም፤ ኮከብ የለበትም፤ ማንም ሰው ጠቅሶ አይከራከርበትም።

ደራሲው ሰምቶ ማስታወሻውን እንዲልኩለት ቢለምንዎት ደግሞ ጭራሽ እሺ እንዳይሉ። ይልኩለትና ቁጭ ብሎ ያስተካክለዋል፤ ለጎብሊኑ ምሳ ይከለክለዋል፣ ቁልፉን ወደ ገጽ 9 ያመጣዋል፣ ከምሥጢራዊው በር ሌላ በጭስ ማውጫው በኩል መግቢያ ይከፍታል። በሚቀጥለው ወር አዲሱን ቅጂ ልኮ «እባክዎ ይህንንም ይገምግሙልኝ» ሲልዎ፣ አራቱን ኮከብዎን ይዘው የት ይገባሉ?